እናትሽና የሌሊቱ መምህር

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳብቀውንም አውጥቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እማዬ ስኳር አለባት፤ ለዘጠኝ ዓመት ኪኒን ስትወስድ ኖራለች። ከፋሲካ ወዲህ አጥማቂ ነኝ የሚል አንድ ሰው በቲክቶክ መከታተል ጀመረች። ሰውየው ሌሊት ሌሊት ላይቭ ይገባል። እሷም ስልኳን ትራሷ ላይ አድርጋ እስከ ስምንት ሰዓት አትተኛም። ስሟን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ ‹እናቴ› ሲላት ታለቅሳለች። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ብቸኝነቷን የረሳች መስሎኝ። አንድ ቀን ‹ኪኒን የሚውጥ ሰው ጠበሉን ተጠራጥሯል› አላቸው። መድኃኒቷን ተወች። ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ደግሞ ሌላ ቀን ‹በግራ በኩል ያለችው ጎረቤትሽ በቤትሽ ላይ መተት አስቀብራለች› አላት። በግራችን ያሉት እትዬ ከእማዬ ጋር ሃያ ዓመት ቡና የጠጡ ሰው ናቸው። እኔን አዝለው ነው ያሳደጉኝ። አሁን እማዬ ደጃቸውን አትረግጥም። ለቤት ማጽጃ የሚሆን ቅባ ቅዱስ ይላክልሻል ተብላ በቴሌብር አንዴ 3,000፣ አንዴ 4,500 ብር ልካለች።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ‹ይሄ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም› ስላት ‹ተምረሽ ተምረሽ እምነትሽን ጨረስሽው› ትለኛለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ‹ዶግማ፣ ቀኖና የምትይው ለሊቃውንት ነው። እማዬ እየጸለየች ነው፣ ልቧ ንጹሕ ነው፣ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?› ይለኛል። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ትክክለኛ ትምህርት በእርግጥ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? እምነቷን ሳልሰብር እንዴት ላናግራት?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ዶግማው አይደለም። ስኳሩ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ሁለት ወር ያለ መድኃኒት ብዙ ነው። እናትሽ ውኃ ውኃ ይላቸዋል? ሌሊት ለሽንት ይመላለሳሉ? ዓይናቸው ይደበዝዛል? እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ? ዝም ብለሽ አስተውዪ። ካስመለሳቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ከፈዘዙና ነገር ከተምታታባቸው ግን ሰዓት አትቁጠሪ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ይህ ካልታየም በዚህ ሳምንት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። አነጋገርሽን ግን ተጠንቀቂ። «ኪኒንሽን ዋጪ» አትበያቸው። «እማዬ፣ እንለካ ብቻ» በያቸው። መለካት ከጠበል ጋር አይጣላም። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ እንኳ «ሄደህ ራስህን ለካህን አሳይ» ብሎታል። የዳነ ሰው ቢታይ ምንም አይጎድልበትም። የድሮውን ኪኒን ከመሳቢያ አውጥተሽ በራስሽ ግምት እንዳታስጀምሪያቸው። መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ወንድምሽ «ልቧ ንጹሕ ነው» ብሏል። እኔም አምነዋለሁ። ግን የእናትሽ ልብ ከፋሲካ በፊትም ንጹሕ ነበር። በዚያ ልብ ሃያ ዓመት ከጎረቤታቸው ጋር ቡና ጠጡ። በዚያው ልብ ዘጠኝ ዓመት ኪኒናቸውን እየዋጡ፣ እያስቀደሱ፣ ጠበላቸውን እየጠጡ ኖሩ። ልባቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሰሙት ትምህርት ነው። ትምህርቱ ሲለወጥ ጎረቤት ጠላት ሆነ። መድኃኒት ኃጢአት ሆነ። ለጸሎት ዋጋ ተቆረጠ። ንጹሕ ልብ የነገሩትን ያምናል። እናትሽ ተንኮለኛ ቢሆኑ ኖሮ ሰውየውን በመጀመሪያው ሌሊት ይጠረጥሩት ነበር። ታዲያ ትምህርቱ ንጹሕ እንዲሆን የሚያስፈልገው ለማን ነው? ሊቃውንቱማ መጽሐፋቸውን ገልጠው ራሳቸውን ይጠብቃሉ። የሚያስፈልገው ለእናትሽ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ሕይወት የሚገኝበትን ትምህርት» የማይታገሡበት ዘመን ይመጣል ይላል። ቃሉ በግሪኩ ጤናማ ትምህርት ማለት ነው። ሃይጂን የምንለው ቃል ራሱ ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ሐዋርያው ስለ ትምህርት ሲያስብ ስለ ጤና እያሰበ ነበር ማለት ነው። ሰው የሚበላው እንደሚያድነው ወይም እንደሚያሳምመው፣ የሚሰማውም እንዲሁ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሰዎች «ጆሮቻቸውን የሚያሳክክ ስለ ሆነ እንደ ገዛ ምኞታቸው ለራሳቸው አስተማሪዎችን ያከማቻሉ» ይላል። ያከማቻሉ የሚለውን ቃል ልብ በዪው። ድሮ አስተማሪ ማከማቸት ይከብድ ነበር። ዛሬ በአንድ ጣት ነው።

ዶግማ የሚለው ቃል ሰው ያስፈራል። የጳጳሳት ጉባኤና ወፍራም መጽሐፍ ያስመስለዋል። እናትሽ ግን ዶግማውን በቃላቸው ይዘውታል። «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ሲባል አብረው ይሉ የለም? ጸሎተ ሃይማኖት እርሱ ነው። ከ1700 ዓመት በፊት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325፣ 318 ሊቃውንት በኒቅያ ተሰብስበው ያስቀመጡት፣ በ381 ደግሞ 150 ሊቃውንት በቁስጥንጥንያ የሞሉት። ለምን እንደተሰበሰቡ አንቺ ከሰንበት ትምህርት ቤት ታውቂዋለሽ፤ ለወንድምሽ ግን ንገሪው። አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ወልድን ፍጡር ነው አለ። አርዮስ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ትምህርቱን በዜማ እያደረገ ለመርከበኛው፣ ለወፍጮ ሠራተኛው፣ ለመንገደኛው ያሰራጭ እንደነበር የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ያንጎራጉረዋል። ሳያስበው ያምነዋል።

ያን ጊዜ አትናቴዎስ የሚባል ወጣት ዲያቆን ነበር። በኋላ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በዚሁ ትምህርት ምክንያት አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። ለእኛም አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን እርሱ ነው። ክርክሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስልሽ፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጳጳስ የተሾመው በዚያ ሰው እጅ ነው። የአትናቴዎስ ነገር ቀላል ነበር። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ ሊያድነን አይችልም። ፍጡር ራሱ አዳኝ ይፈልጋልና። መድኃኒታችን ጎዶሎ ከሆነ መዳናችንም ጎዶሎ ነው።

እኔ ብዙ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳነብ ያስተዋልኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። ክርስቶስ ያልጨረሰው ነገር አለ ብሎ የሚያስተምርሽ ሰው፣ ቀሪውን ሊሸጥልሽ ነው። አንዳንዱ በብር ይሸጣል። አንዳንዱ በክብር፣ በተከታይ ብዛት። አንዳንዱ ደግሞ ሰውን በፍርሃት አስሮ ይገዛል። ሁሉም ግን የሚጀምሩት መጀመሪያ አንድ ጉድለት በመፍጠር ነው። ለእናትሽም የተደረገው ይህ ነው።

የመተቱን ነገር ተመልከቺው። ሰይጣን የለም፣ ክፉ መንፈስ አያስቸግርም እያልኩ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታስተምርም። ግን እናትሽ የተጠመቁ ሰው ናቸው። በ80 ቀናቸው ክርስትና ተነስተዋል፤ ክርስቶስን ለብሰዋል፤ ሜሮን ተቀብተዋል። በዚያው በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላይ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» ይባላል። ኃጢአትን ለማስተሰረይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን። አንዲት! ታዲያ ከዚህች ጥምቀት ይልቅ አንድ ሰው በመሬት ውስጥ ቀበረው የተባለ ጨርቅ በእናትሽ ላይ ኃይል ካለው፣ የ80 ቀኗ ጥምቀት ምን ሠራች? ሰውየው ይህን ጥያቄ በግልጽ አያነሳውም። ቢያነሳው እናትሽ ራሳቸው ይነቁበት ነበር። ዝም ብሎ ጎረቤታቸውን ያሳያቸዋል፤ ከዚያ ቅባቱን ይሸጥላቸዋል። የተሸጠላቸው ቅባት ያላቸውን የሚያስረሳ ነው። ሜሮንን የሚያህል ነገር የተቀበለ ሰው 4,500 ብር ከፍሎ ምን ይጨመርለታል?

ደግሞም በግራ በኩል ጎረቤት የሌለው ማነው? ያን ሌሊት ያን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ዞሮ አይቷል። በስንት ቤት ቡና እንደቀረ አስቢው። በስንት ግቢ አንዲት ምንም የማታውቅ ሴት ሰላምታ ተነፈጋት? «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ከዐሥርቱ ቃላት አንዱ ነው። ይህን የሚያስጥስ ትንቢት፣ ሌላው ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ በዚህ ብቻ ይለያል። ብሩ ተመልሶ ይገኝ ይሆናል። የሃያ ዓመት ጉርብትና ግን በቴሌብር አይመለስም። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ወንድምሽ «ለሊቃውንት ነው» ያለውን እንደገና ላንሳው። ይህን የሚለው በጣና ዳር ተቀምጦ ስለሆነ ይገርመኛል። ዐፄ ሱስንዮስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ። ይህን የማነሳው የዛሬ ካቶሊክ ወንድምና እህቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለፈው አልፏል። የማነሳው ያን ጊዜ ተራው ሰው ምን እንዳደረገ ለማሳየት ነው። ጎንደሬውም ጎጃሜውም ላስቴውም ገበሬው «እንደገና ተጠመቅ» ሲባል ነገሩ ወዲያው ገባው። እንደገና ከተጠመቅሁ የመጀመሪያዋ ጥምቀቴ ምንም አልነበረችም ማለት ነው። አባቴም፣ የሞተችው እናቴም ሳይጠመቁ ሞቱ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ትርጓሜ ቤት መግባት አላስፈለገውም። «አሐቲ ጥምቀት» ሲባል ሰምቶ አድጓል። በዚያ ነገር የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ፤ አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። በመጨረሻ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ሃይማኖቱን መለሱ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚባለው የዚያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ደግሞ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ነበረች። ባለቤቷ የንጉሡ ባለሟል ነበር። ትዳሯን፣ ቤቷን፣ ሀብቷን ትታ ወጣች፤ ታሰረች፤ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተጋዘች። ተመልሳም በጣና ዙሪያ የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ማኅበር አቋቋመች። በ1642 ዐረፈች፤ 30 ዓመት ቆይቶ ገድሏ ተጻፈ። በሐይቁ ምሥራቅ ያለው የቋራጣ ገዳም ዛሬም በስሟ ይጠራል። እናትሽ ይህን ታሪክ ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። አንዲት የአገራቸው ሴት ስለ ትምህርት ምን እንደከፈለች። «ተምረሽ እምነትሽን ጨረስሽው» ያሉትን ቃል አንቺ ሳትመልሺላቸው እርሷ ትመልስላቸዋለች።

የመድኃኒቱን ጉዳይ በተመለከተ ነገሩ አያከራክርም። በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ መጽሐፈ ሲራክ አለ። ምዕራፍ 38ን ለእናትሽ አንብቢላቸው። ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሊሞት ሲል ነቢዩ ኢሳይያስ 15 ዓመት እንደተጨመረለት ነገረው። ግን በዚያው አፉ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥታችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። ተአምሩና መድኃኒቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ነቢይ እጅ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ሆዱን ለሚያመው ለጢሞቴዎስ ጥቂት ወይን ጠጣ፣ ውኃ ብቻ አትጠጣ ብሎ መክሮታል። በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ጠበል ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት የተዉ ብዙ ሕሙማን በነበሩ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በይፋ አስተምረዋል። ስለዚህ «ጠበሉን ትተሽ ኪኒን ዋጪ» የሚላቸው የለም። ጠበላቸውን ይጠጡ። የተጣሉትን ሁለቱን ያጣላቸው ሰውየው ነው።

እንግዲህ ትክክል ነሽ። አሁን ደግሞ ትክክል መሆንሽ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ።

እኔም ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ሃያ ዓመቴ ላይ አንዲት አክስቴ ከአዴት ልትጠይቀን መጣች። አንገቷ ላይ ክታብ አየሁ። ቤቱ ሞልቷል፤ ሰው ቡና ይጠጣል። «ይሄ ጥንቆላ ነው» ብዬ ተነሳሁና ከአንገቷ ላይ በጠስኩት። በትምህርቱ አልተሳሳትኩም ነበር። መምህሬ ቢሰማኝ ጎበዝ ይለኝ ይሆናል። አክስቴ ግን ሁለት ልጅ ቀብራ ነበር። ሦስተኛው እንዳይሞትባት ነው ያን ነገር ያሰረችው። ይህን አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁማ! ለአራት ዓመት ቤታችን ድርሽ አላለችም። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም ይቅር አለችኝ። ክታቡን ግን ለምን ማሰር እንደሌለባት ቀስ ብሎ የሚያስረዳት ሰው ያኔ ቢኖር ኖሮ አራቱ ዓመት ባልጠፋ ነበር። ሐዋርያው የሚቃወሙትን በየዋህነት ገሥጽ ያለው ለዚህ ነው። የዋህነቱም የጤናማው ትምህርት ክፍል ነው። ተነጥሎ የሚጣል አይደለም።

እናትሽንም እንዲሁ ጠይቂያቸው። ምን ያስፈራቸዋል? ሌሊት ለምን እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል? ባላቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። አልጋው ግማሹ ባዶ ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ድምፅ ስማቸውን ጠርቶ «እናቴ» ይላቸዋል። ያን ድምፅ «ውሸታም ነው» ብለሽ ብቻ ብትዘጊባቸው ዝምታው ይቀራቸዋል። መልሰው ይከፍቱታል፤ አንቺ ሳታዪ። ለተወሰነ ጊዜ እናትሽ ክፍል ተኚ። ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም አብራችሁ ድገሙ። እርሳቸው በግእዝ ይበሉ፣ አንቺ በአማርኛ ንባቡን ተርጉሚላቸው። አንድ አንድ አንቀጽ ብቻ።

ይህን የምልሽ የእኛም ጥፋት ስላለበት ነው። እናትሽ ለአርባ፣ ለሃምሳ ዓመት ሦስት ሰዓት ቆመው አስቀድሰዋል። ከዚያ ውስጥ የገባቸው ስንቱ ነው? ግእዙን ማን ተረጎመላቸው? ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ሲቆም ግማሹ ጊዜ በማስታወቂያና በሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ያልቃል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራን የመሰለ ጉባኤ ያለበት። አንድ ሰው ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ መጻሕፍት ተምሮ መምህር ለመባል ዕድሜውን ይጨርሳል። «ከማን ተማርክ? የት አስመሰከርክ?» ሳይባል ወንበር አይዘረጋም ነበር። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት እያሉን ለአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሌሊት የሚደርስላት ስልክ ብቻ ከሆነ፣ እኛ ያላደረስነውን ሌላው አደረሰው። ስለዚህ በእናትሽ አትፍረጂባቸው።

ያንን የድሮ ጥያቄ ግን ለሰውየው አንሺው። ከማን ነው የተማረው? የትኛው ደብር ነው የሚያገለግለው? የትኛው ሀገረ ስብከት ያውቀዋል? ይህን ስትጠይቂ ድፍረት አይደለም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ «ነገሩ እንዲሁ ይሆንን» ብለው መጻሕፍትን መርምረዋል፤ ለዚህም ልበ ሰፊዎች ተብለው ተመስግነዋል። ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጌታ ድውይ እንዲፈውሱ፣ አጋንንት እንዲያወጡ ሲልካቸው «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ብሏቸዋል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። የላኩበትን ደረሰኝ ግን አስቀምጪው።

ከዚያ የንስሐ አባታችሁን አግኚ። መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂና ሁሉን ንገሪያቸው፤ ስኳሩንም፣ ጎረቤቷንም። ከዚያ ቤት መጥተው ጠበል ይርጩ፣ ጸሎት ያድርሱ። እናትሽ የሚሹት ጸሎት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ራሷን የቻለ ምሥጢር አላት፤ ቀንዲል ይባላል። ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። «መድኃኒትሽን ውሰጂ» የሚለው ቃል ከእርሳቸው አፍ ቢወጣ ከአንቺ ይልቅ ይሰማል። ይህ ሽንፈት እንዳይመስልሽ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? የእናትሽ ጥሩ ምንጭ እዚያው ሰፈራችሁ ነው ያለው።

ወደ ጎረቤታችሁ ደግሞ አንቺ ሂጂ። እናትሽን አታስገድጂያቸው። ያሳደጉሽ ሰው ናቸውና ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ስለ መተቱ አንዳች ቃል እንዳታነሺባቸው። ቡና አፍዪ፣ ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ፣ ተመርቀሽ ውጪ። እናትሽ ያዩሻል። ምንም ሳትሆኚ ስትመለሺ ያዩሻል። በሳምንቱ ድገሚው።

እናትሽ ትንሽ ሲረጋጉና ሐኪሙም ሲፈቅድ ደግሞ ዘጌ ውሰጃቸው፣ በጀልባ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይገባም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል። ግድግዳውን አሳያቸው የምትዪው ሌላ ሰው አትፈልጊ፤ ራስሽ አሳዪያቸው። ሥላሴ የተሣሉበት ጋ አቁሚያቸው። ሦስት አረጋውያን፣ አንድ መልክ፣ አንድ ዕድሜ። አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ አያንስም። በዙሪያው አርባዕቱ እንስሳ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው የኒቅያን ትምህርት እንዲህ አድርገው ነው ግድግዳ ላይ የጻፉለት። ከዚያ እናትሽን «እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ዝም በዪ። እርሳቸው ያስተምሩሽ። የሚያውቁትን ትምህርት ከራሳቸው አፍ ሲሰሙት የሌሊቱ ሰው ከሚለው ጋር ራሳቸው ያስተያዩታል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ የሚያስኬድ መንገድ አለ፤ ድንጋይ ይበዛዋል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ድፍን ጫማና ካልሲ አድርጊላቸው። ስትገቡ ጫማ ስለሚወለቅ ስትወጡ ጥላ ስር አስቀምጠሽ እግራቸውን እጠቢላቸው፤ በጣቶቻቸው መሃል አንድ በአንድ እዪ።